ጮቄን ብቻዬን ልወጣ ስል

ቢቸና ውስጥ «ብቻዬን» የምትለዋን ቃል ጮክ ብላችሁ እንዳትናገሩ። ከፈለጋችሁ ተሳደቡ፤ ከፈለጋችሁ በገበያ መሃል ጨፍሩ፤ ሰዉ አይቶ ያልፋችኋል። «ብቻዬን ልሄድ ነው» ያላችሁ ዕለት ግን አለቀላችሁ፤ ጉዳዩ የእናንተ መሆኑ ቀርቶ የሰፈሩ ይሆናል። እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ዘግይቶ ማወቅ የቆየ አመሌ ነው፤ ጨዋታዬን ስትጨርሱ ታዝኑልኛላችሁ። ካላዘናችሁም ግድ የለም፤ ሠላሳ ያህል ሰው በቅጥቅጥ አውቶቡስ ተጭኖ አዝኖልኛል።

ሥራዬ ጂኦግራፊ ማስተማር ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ጮቄ ተራራን በጠመኔ ስወጣና ስወርድ ኖሬአለሁ። ከጎኑ የሚመነጩትን ወንዞች፣ አናቱ ላይ የሚበቅለውን ጅብራ፣ ጓሳውን፣ ብርዱን፣ አንድም ሳላስቀር ለተማሪ አስጽፌአለሁ። እግሬ ግን ረግጦት አያውቅም። አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ እርስዎ ወጥተውት ያውቃሉ?» ብትለኝ «ከትምህርቱ አንውጣ» ብዬ አስቀመጥኳት። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ይሁን እንጂ ለተማሪዋ ብዬ ተራራ ለመውጣት የተነሳሁ እንዳይመስላችሁ። ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ለሰው ያልተናገርኩትን ለእናንተ ልናገር። እናቴ መኪና አይስማማትም ነበር። እኔ ቢቸና ተመድቤ ማስተማር ስጀምር፣ እሷ ከሞጣ ልትጠይቀኝ የምትመጣው በእግሯ ነው። አውቶቡስ ላይ ወጥታ ስታስመልስ ከምትውል፣ በጮቄ ጥግ ጥጉን ሦስት ቀን መሄድ ትመርጣለች። በየመንደሩ የእግዜር እንግዳ እያለች አድራ፣ ዳቦዋን በጀርባዋ አዝላ፣ ከበሬ ላይ ቆማ «ከሳህ» ትለኛለች። ሁልጊዜ «ከሳህ» ነው፤ ወፍሬም ቢሆን።

የዛሬ ሦስት ዓመት ሞተች። ያን ጊዜ እኔ ታይፎይድ ጥሎኝ ትራስና ግድግዳ መለየት አቅቶኝ ነበር። ሞጣ ያለችው ታላቅ እህቴ የሻሽወርቅ፣ እኔ «እታለም» ነው የምላት፣ «ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፤ እስኪሻለው ዝም በሉ» ብላ ወደ ቢቸና ላከች። ሰፈሩም ቃሏን ጠበቀ። ስልኬን «ቻርጅ እናድርግልህ» ብለው ወሰዱት። ሾርባ አመጡ፣ ሥጋ አመጡ፣ ፊታቸውን እያዞሩ አበሉኝ። ድኜ ቆሜ መሄድ ስጀምር፣ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች በሬን አንኳኩ። እናቴ ከተቀበረች ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛ ነበር።

እታለምን ይቅር አላልኳትም። ለተስካር ሞጣ ስሄድ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አፈር እንኳ ሳላለብሳት አስቀረሽኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም» አልኳት። እሷ ሳህን ይዛ ቆማ ነበር፣ እንደያዘች ቀረች። ከዚያ በኋላ ስትደውል አላነሳም። ዓመት ያህል ደወለች፤ ከዚያ ተወችው። ስትተወው ደግሞ «ለምን ተወችው?» ብዬ ተናደድኩ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ እናቴ ለእኔ የሄደችውን መንገድ እኔ ደግሞ ወደ እሷ ልሄደው። ሦስት ቀን፣ ብቻዬን፣ በእግሬ። ሞጣ ስደርስ መቃብሯ ላይ እቀመጣለሁ። የእታለምን በር ላንኳኳ አላንኳኳ የሚለውን ደግሞ ተራራው ላይ አስብበታለሁ፤ ሦስት ዓመት ቤቴ ቁጭ ብዬ አልወሰንኩም፣ ምናልባት ብርዱ ይረዳኝ ይሆናል። ይህን ለማን ይነግሩታል? ለጠየቀኝ ሁሉ «ሃይኪንግ ነው» አልኩ።

ዝግጅቱን ከስልክ ነው የተማርኩት። አንድ ጢማም ፈረንጅ አለ፤ ተራራ ላይ ብቻውን ሆኖ ለራሱ ያወራል፣ ይስቃል፣ ከፌስታል ውስጥ ደረቅ ነገር ይበላል። እንዲህ ያለውን ሰው እኛ አገር ጠበል ነው የሚወስዱት። እኔ ግን አመንኩት። «ሸክም ቀንሱ» አለ፤ ቀነስኩ። «የጥርስ ብሩሻችሁን እጀታ እንኳ ቁረጡ» አለ፤ በመጋዝ ቆረጥኩ። አሁን ጥርሴን ስፋቅ ጣቴ ጉሮሮዬ ይገባል። «ጺም ከብርድ ያድናል» አለ፤ መላጨት አቆምኩ። ያለኝ ጺም ግማሹ ነጭ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ከሰልባጅ ተራ ወገቤን የሚያስር ትልቅ የጀርባ ቦርሳ አገኘሁ። የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል መጽሐፍ ሞልቼበት በየጠዋቱ የትምህርት ቤቱን ሜዳ መዞር ጀመርኩ። ሰው ያየኛል፤ ሰላም ይለኛል፤ ከዚያ ቆሞ ከኋላዬ ያየኛል። ድንኳን ስላልነበረኝ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ይርሳው ዘንድ ሄድኩ፤ የእድሩ ድንኳኖች በእሳቸው እጅ ናቸው።

«ጋሽ ይርሳው፣ አሮጌ ድንኳን ካለ ቁራጭ ቢሰጡኝ?»

ብድግ አሉ። «ማን ሞተ?»

«ማንም። ተራራ ልወጣ ነው፤ ላድርበት።»

«ድንኳን ሰው ሳይሞት ከመጋዘን አይወጣም፤ ደንባችን ነው» አሉና ጥቂት አስበው ደግሞ ተቆጡ። «ቆይ፣ ማደሪያ ምን አሳጣህ? ከዚህ እስከ ሞጣ ባለው አገር የእግዜር እንግዳ ሲሉት በሩን የሚዘጋ ሰው አለ? ድንኳን ተሸክመህ ብታልፍ ባለቤቶቹ ምን ይላሉ? ሰደበን አይሉም?»

«ብቻዬን መሆን ፈልጌ ነው።»

«ብቻህን?» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ጺሜ ሄደ።

ቁራጭ ሸራ ገዝቼ ቤቴ ሞከርኩት። ከትምህርት ቤት ስመለስ በአከራዬ በእማማ ጥሩ ግቢ ውስጥ ሁለት እንጨት ተክዬ፣ ሸራዬን ጥዬበት፣ ሥሩ ገብቼ መሬት ላይ ተጋደምኩ። ስንቄንም አብሬ ልፈትን ብዬ በሶ በውኃ በጥብጬ አጠገቤ አስቀመጥኩ። እማማ ጥሩ ጌሾ ሊያሰጡ ሲወጡ እግሬን አዩ።

«መምህር! ምን ሆነህ ነው መሬት ላይ?»

«ልምምድ ነው እማማ። መሬት ላይ መተኛት እየለመድኩ ነው።»

«አልጋህ ምን አደረገህ? ያ ምንድን ነው የምትጠጣው?»

«በሶ ነው። ከእንግዲህ የምበላው ይህን ነው። ተራራ ልሄድ ነው፣ ብቻዬን።»

«ስለት አለብህ?»

«የለብኝም።»

«ጠበል ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ?»

«እንዲሁ ዝም ብዬ ነው» አልኩ። ጌሾውን እዚያው ጥለው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ገቡ። እኔ ምኑም አልገባኝም። እንዲያውም በማግስቱ የባሰ ሥራ ሠራሁ፤ ቀለል ያለ ብርድ ልብስ ስላገኘሁ ከባዱን ጋቢዬንና የማልጠቀምባቸውን ድስቶች ተሸክሜ ወስጄ «እማማ፣ እነዚህ ለእርስዎ፤ እኔ ከእንግዲህ አያስፈልጉኝም» አልኳቸው። እቅፍ አድርገው ሳሙኝ። አለቀሱ። ድስቱ እንዲህ ያስደሰታቸው መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የከበደው። በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ መምጣት ጀመረ፤ ሁሉም ሥጋ። «ኧረ በቃኝ» ስል «አፈር ስሆን፣ ብላ፤ ከዚህ በኋላ ማን ያውቃል» ይሉኛል። ሻይ ቤት ስገባ ጨዋታው ይቋረጣል። ርእሰ መምህሩ፣ አንድ ቀን ፈቃድ ለመስጠት ደም የሚተፋው ሰውዬ፣ ለሳምንት ስጠይቀው ወረቀቱን ሳያነብ ፈረመና እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ። «የምትፈልገውን ያህል ውሰድ፤ ሁላችንም ነገ ነን» አለኝ። የንስሐ አባቴ አባ ወልዴ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ ቆዩ፤ ሲያነሱት ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «በርታ» ብቻ አሉኝ።

ማቴዎስ ይቀር ይሆናል ብዬ ነበር። ማቴዎስ የፊዚክስ መምህር ነው፤ ከወላይታ መጥቶ ስድስት ዓመት አብሮኝ አስተምሯል፣ ፕሮቴስታንት ነው፣ የሰፈሩ ሹክሹክታ ብዙም አይደርሰውም። እሱም መምህራን ማረፊያ ውስጥ አቅፎኝ ጀርባዬን መታ መታ አደረገ።

«ወንድሜ፣ አከብርሃለሁ። ግን ከባድ ነው» አለኝ።

«ምኑ ነው የከበደው?»

«ሁሉም» አለና ወጣ።

እዚያው ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ይህን ፊት አውቀዋለሁ። ይህን ሥጋ አውቀዋለሁ። ይህን «በርታ» የሚሉትን ነገር አንድ ጊዜ በደንብ አይቼዋለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት እናቴ ሞታ ሳለ እንዲህ ነበር ያዩኝ፣ እንዲህ ነበር ያበሉኝ። እና አሁን በዚህ ዓለም ላይ «አረፈች» ብለው ሊያረዱኝ የሚችሉት ሰው አንዲት ብቻ ናት የቀረችኝ።

እታለም ሞታለች።

ስልኬን አወጣሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ደወልኩላት። የሞጣ መስመር ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር፤ በእኛ አገር መንገድና ስልክ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። ደጋግሜ ደወልኩ። ያቺ በስልክ ውስጥ ያለች ሴት፣ የደወልኩላትን ሰው ለጊዜው ማግኘት እንደማልችል ነገረችኝ። «ለጊዜው» የምትለዋ ቃል እንዲህ ልብ እንደምትቆርጥ አላውቅም ነበር።

ለምን አትጠይቃቸውም ትሉኝ ይሆናል። እንዴት ተብሎ? መርዶ የራሱ ሰዓት አለው፤ የሚያረዱት እነሱ ናቸው እንጂ የሚጠይቀው ባለቤቱ አይደለም። ደግሞ ፈራሁ። ካልጠየቅሁ እስከ ነገ በሕይወት አለች። ሦስት ቀን እንዲህ ከረምኩ፤ ክፍል ገብቼ ጮቄን እስላለሁ፣ መሃል ላይ ጠመኔው ይቆማል። «እህት የለኝም» ያልኩት ቃል ጆሮዬ ላይ ይጮኻል። ከፈጣሪ ጋር እንደ ሕፃን ልደራደር ሞከርኩ፤ ካለች በሯን ቀድሜ አንኳኳለሁ፣ እግሯ ላይ እወድቃለሁ፣ ብቻ ትኑር አልኩ።

ዓርብ ማታ ቆረጥኩ። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ፣ ሽማግሌዎቹ ሳይመጡብኝ እወጣለሁ። መርዶውን ቀድመው ስላመለጡት የሞተ ሰው እንደማይነሳ አውቃለሁ፤ ያን ያህል ጂኦግራፊ አላደነዘዘኝም። ግን ዳግመኛ በር ላይ ቆሜ ከሌላ ሰው አፍ መስማት አልፈለግሁም። መቃብሯን ራሴ ላግኘው አልኩ።

ቅዳሜ እማማ ጥሩ ያስቋጠሩኝን ስንቅ የሞላሁበትን ቦርሳዬን አዝዬ፣ ቁርጥ ብሩሼን በኪሴ ከትቼ፣ የግቢውን በር ቀስ ብዬ ከፈትኩ።

ሁሉም ቆመዋል። አባ ወልዴ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ ጋሽ ይርሳው በነጭ ጋቢ ከጎናቸው፣ እማማ ጥሩ፣ ማቴዎስ ሳይቀር፣ ከኋላቸው ደግሞ የእድሩ ሰው። ሁሉም ነጠላ ለብሷል። አባ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ እንዲህ በማለዳ የመጣነው...»

አላስጨረስኳቸውም። «እታለሜን! እህቴን! ሳልታረቅሽ!» ብዬ ከነቦርሳዬ መሬት ላይ ወደቅሁ። ቦርሳው ከበደኝና ወደ ኋላ ተገለበጥኩ፤ ተገልብጬም አለቀስኩ። ጋሽ ይርሳው ቀኝ ክንዴን፣ ማቴዎስ ግራዬን ያዙኝ። እማማ ጥሩ አንድ አፍታ ብቻ ግራ ተጋብተው አዩኝ፤ ከዚያ እሪ አሉ። ሰው ሲያለቅስ ቆሞ የሚያጣራ ልማድ እኛ ዘንድ የለም፤ ይለቀሳል፣ ማጣራቱ በኋላ ነው። በሩ ላይ ያለው ሁሉ ተቀበለ፤ የጎረቤት በር እየተከፈተ ሌላውም ተጨመረ።

ፀሐይ ሳትሞቅ ድንኳን ተተከለ። የለመንኩት ድንኳን በመጨረሻ ከመጋዘን ወጣልኝ። ሰው እየመጣ «መቼ አረፈች?» ይለኛል። «እናንተ ታውቁ የለ!» እላለሁ እያለቀስኩ። «አይ ኀዘን፣ አናገረው» ብለው አጠገቤ ይቀመጣሉ። እዚያ ተቀምጬ፣ ሦስት ዓመት ለማንም ያልነገርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት፤ የተስካሩን ቀን፣ ያልተነሳውን ስልክ፣ እሷ ሳህኑን እንደያዘች የቀረችበትን። የሚሰማኝ ሰው ሁሉ አነባ። ብቻዬን ተራራ ላይ ላወጣው ያሰብኩት ነገር ቢቸና መሃል፣ በመቶ ሰው ፊት ወጣ።

እድሩ ወዲያው ቅጥቅጥ ተከራየ። «ብቻህን አንሰድህም» አሉኝ፤ ተጫንን። እኔ ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ ይዤ ከመስኮቱ ዳር ተቀመጥኩ። ጮቄ በግራ በኩል ደመና ተከናንቦ አብሮን ይሄዳል። በየኬላው «ወዴት ነው?» ይባላል፤ ሹፌሩ «ለቅሶ» ይላል፤ እንጨቱ ይነሳል። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን፣ አጠገቤ የተቀመጠው ማቴዎስ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀኝ።

«ስልክ ሳይኖር ማን ነገረህ ግን?»

«እናንተ ናችኋ! ጎህ ሲቀድ በሬ ላይ ቆማችሁ!»

«እኛ?» አለ። ፊቱ ተለወጠ። «እኛ እኮ የመጣነው ልንለምንህ ነው። እንዳትመነኩስ።»

«እንዳልምን?»

«እንዳትመነኩስ! መሬት ላይ ትተኛለህ፣ በሶ ብቻ ነው የምበላው ብለሃል፣ ጺም አሳድገሃል፣ ዕቃህን ሰጥተሃል፣ ብቻዬን ተራራ እሄዳለሁ ብለሃል። እማማ ጥሩ 'ገዳም ሊገባብን ነው፣ የጥርስ ብሩሹን እንኳ ቆርጦ ጣለው' ብለው ለሰፈሩ ሁሉ ነገሩ። ስታለቅስ ጊዜ ከሞጣ ሰው ደርሶህ መስሎን ነው።»

እኔ እነሱ ያውቃሉ ብዬ፣ እነሱ ደግሞ እኔ የማውቅ መስሏቸው፣ አንድ መኪና ሙሉ ሰው ያልሞተ ሰው ልንቀብር እየሄድን ነው። ልስቅ አፌን ከፈትኩ፤ ሳቁ አልመጣም። ልትሞት ትችላለች፣ ላትሞትም ትችላለች፤ ሦስት ዓመት አልጠየቅኋትም፣ በምን አውቄ?

ነገሩን ለአባ ወልዴና ለጋሽ ይርሳው በጆሯቸው ነገርኳቸው። አባ ወልዴ አማተቡና «ተመስገን» ሊሉ ጀምረው መሃል ላይ ተዉት። ጋሽ ይርሳው ግን የእድር ዳኛ ናቸው፤ የሚያሳስባቸው ሥርዓቱ ነው።

«እያለቀስን ገብተን በቁሟ ብናገኛት ምን ይባላል? ጉድ ነው። ዝም ብለን ገብተን ደግሞ እውነትም አርፋ ብትገኝ? ከቢቸና ድረስ መጥተው እንባ ሳያወጡ ገቡ ይሉናል። አባ፣ ምን ይሻላል?»

«መኪናው ከሩቅ ይቁም» አሉ አባ ወልዴ። «እሱ ብቻውን ይግባ። ድምፅ ስንሰማ እናውቃለን።»

ሞጣ ደርሰን ከቤቷ መታጠፊያ ላይ ቆምን። ከመኪናው እስከ በሯ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ቦርሳዬን አዘልኩ። ለምን እንዳዘልኩት አላውቅም፤ ልምምድ ስለሆነብኝ ይሆናል። ሠላሳ ሰው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ያየኛል። ያን ሁሉ ወር የተዘጋጀሁለት የብቻዬ ጉዞ ይኸው ነው። ትንፋሽ አጠረኝ፤ ጢማሙ ፈረንጅ ስለዚህ ምንም አላለም።

በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ አደረግሁት። እታለም ግድግዳውን ተደግፋ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ አየኋት። እታለም ሥራ ፈትታ ተቀምጣ አይቼ አላውቅም። አንገቷ ቀጥኗል፤ ነጠላው የተደረበው ትከሻዋ ላይ ሳይሆን አጥንቷ ላይ ነበር። ቀና ብላ ዓይኔን አየችና ደነገጠች።

«ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ዓይንህ ምን ሆኖ ነው?»

«ለአንቺ አልቅሼ ነው።»

«ለእኔ?» አለች። «ማን ነገረህ? እንዳትነግሩት ብዬ አስምዬአቸው ነበር እኮ» አለች።

ቦርሳውን አወረድኩ። ፊት ለፊቷ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «ምኑን ነው ያስማልሻቸው?» አልኳት።

ነጠላዋን ሳበች፤ ዘረጋች፤ እንደገና ሳበች።

«እታለም፣ ደግሞ ልትደብቂኝ ነው?»

«ምን ላድርግ?» አለች። «'ታምሜአለሁ' ብዬ ልኬብህ ባትመጣስ? ሰምተህ ከምትቀር ሳትሰማ ብትቀር ይሻለኛል ብዬ ነው።»

እግሯ ላይ ወደቅሁ። ይቅርታ የጠየቅሁበትን ቃል አላስታውሰውም፤ ቢቸና ላይ በመቶ ሰው ፊት ያልኩት የተሻለ ነበር። ራሴን በእጇ ዳሰሰችኝ፤ እጇ ክብደት አልነበረውም። «ከሳህ» አለችኝ።

«ንገሪኝ» አልኳት። «አሁን። አንድም ሳታስቀሪ።»

ነገረችኝ። ባሕር ዳር ድረስ ሄዳ እንደታየች፣ ሐኪሙ ምን እንዳላት፣ መድኃኒቱ የማስታገሻ ብቻ እንደሆነ፣ ክረምቱን ታያለች ብለው እንዳላሰቡ። እንደለመንኳት ምንም አላስቀረችም፤ ጎህ አልተጠበቀ፣ ሽማግሌ አልመጣ፣ በጠራራ ፀሐይ ነገረችኝ። ቆሜ መስማት ፈልጌ ልነሳ ስል ክንዴን የያዘኝ ሰው አልነበረም። ግራዬን አየሁ፣ ቀኜን አየሁ። ጠዋት ላልነበረ ነገር ሳለቅስ ሁለት ሰው ይዞኝ ነበር፤ ያለውን ስሰማ ማንም የለም። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ።

«ውጭ መኪና ሰማሁ» አለች። «ማን አብሮህ አለ?»

«ሠላሳ ሰው።»

«የምን?»

«አንቺን ሊቀብር የመጣ። ከቢቸና።»

መጀመሪያ አላመነችኝም። ብሩሹን ከኪሴ አውጥቼ፣ በሶውን፣ ጺሙን፣ ድንኳኑን ስነግራት ሳቋ መጣ፤ ሳቀች፣ ሳቋ ሳል ሆነ፣ ሳሉ አልቆም አለ። ውኃ አጠጣኋት። ሲቆምላት እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ተቆጣችኝ።

«ታዲያ ፀሐይ ላይ ታቆማቸዋለህ? ነውር አይደለም? እኔ ደግሞ ቤቴ ባዶ ነው፤ ለዚህ ሁሉ ሰው ምን አቀርባለሁ?»

ቦርሳዬን ፈታሁት። እማማ ጥሩ ገዳም ለሚገባ ሰው ብለው ያስቋጠሩኝ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፤ አንድን ሰው ለሦስት ቀን ብቻ አይደለም፣ ሠላሳ ሰውም ለአንድ ቀን ይችላል። «ይኸው» አልኳትና ወደ በሩ ሄድኩ።

ከመኪናው ወርደው መንገዱ ላይ ተኮልኩለዋል። ነጠላቸውን ግማሹ እንደ ኀዘንተኛ ዘቅዝቆታል፣ ግማሹ እንደ ደህና ሰው አድርጎታል። ፊቴን እያዩ ሊያነቡኝ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ጋሽ ይርሳው ቀረብ አሉኝ።

«እንዴት ነው?» አሉ በሹክሹክታ። «እናልቅስ?»

«ገና ነው» አልኳቸው። «ግን ግቡ። ደግሞ ቶሎ አትሂዱ።»